አንዲት እጅ፣ ከ700 በላይ መጻሕፍት፦ የኤኒድ ብላይተን የድርሰት ሕይወት

እ.ኤ.አ. በ1955 በእንግሊዛዊቷ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ በኤኒድ ብላይተን ላይ አንድ ወሬ ከደቡብ አፍሪካ ተሰማ። በስሟ የሚታተሙትን መጻሕፍት ሁሉ እሷ አትጽፋቸውም፣ ከጀርባ ሆነው የሚጽፉላት ሰዎች አሉ የሚል ነበር፤ የተናገረውም አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ብላይተን ይህን ሰምታ ዝም አላለችም። ጉዳዩን ወደ ሕግ ወሰደችው፤ በችሎት ፊትም በይፋ ይቅርታ ተጠየቀች።

ሰዉን ወደ ጥርጣሬ የገፋው ቁጥሩ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏ ከወጣበት ከ1922 አንስቶ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ከ700 በላይ መጻሕፍት አሳትማለች። በየመጽሔቱ የበተነቻቸው አጫጭር ታሪኮችና ግጥሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በአንዳንድ ዓመታት በስሟ የወጡት ትልልቅና ትንንሽ መጻሕፍት ሃምሳ ገደማ ደርሰዋል። እስከ ዛሬ የተሸጠው ቅጂ 600 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይነገራል፤ የተተረጎመችባቸውም ቋንቋዎች ወደ 90 ይጠጋሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ወጣ ሲባል አለማመን ያለ ነው።

ነገር ግን ከጀርባዋ ማንም አልነበረም። አንድ ሰው ይህን ያህል እንዴት ሊጽፍ እንደቻለ የሚያስረዱ፣ በራሷ እጅ የተጻፉ ማስረጃዎችም አሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ እነዚህን ሁሉ መጻሕፍት የሰጣት የአጻጻፍ ዘዴ፣ ዛሬ በመጻሕፍቷ ውስጥ የምናፍርባቸውን ገጾችም የሰጣት ይመስለኛል። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ስለማይቻል ነገሩን ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል።

ብላይተን እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1897 በለንደን ኢስት ደልዊች ተወለደች። ያደገችው ግን ቤክነም በሚባለው ሠፈር ነው። አባቷ ቢላዋ፣ ማንኪያና ሹካ እየሸጠ የሚተዳደር ሰው ሲሆን ልጁን ይዞ መስክ ለመስክ መዞር፣ የወፉንና የአበባውን ስም ማስተማር ይወድ ነበር። 13 ዓመት ገደማ ሳለች ሌላ ሴት ወድዶ ቤቱን ጥሎ ሄደ። ቤተሰቡም ነገሩን ከጎረቤት ደበቀ። ልጅቷ በሯን ዘግታ መጻፍ ያዘወተረችው በዚያ ሰሞን ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ በጻፈቻቸው የጀብዱ መጻሕፍት ውስጥ ወላጆች ብዙውን ጊዜ ከመድረኩ ዞር ያሉ መሆናቸውን ሳስብ ይህ የልጅነት ጉዳይ ይታወሰኛል፤ ይሁንና አንዱን ከሌላው ያያያዝኩት እኔ ነኝ።

ቤተሰቧ ሙዚቃ እንድትማር ይፈልግ ነበር። እሷ ግን በ1916 ይህን ትታ ኢፕስዊች ውስጥ ወደሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባች። ሥልጠናው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል ልጆች በጨዋታ ይማራሉ ብሎ በዘረጋው መንገድ የሚሄድ ነበር። ከ1920 ጀምሮ ሰርቢተን በምትባል የለንደን ዳርቻ በአንድ ቤት ውስጥ አራት ወንድማማቾችን ታስተምር ጀመር። የጎረቤት ልጆችም እየተጨመሩ ቤቱ ትንሽ ትምህርት ቤት ሆነ። ግጥሟንና ታሪኳን ለእነዚህ ልጆች ታነብላቸዋለች። ልጅ ደግሞ ሲሰለቸው አይደብቅም፤ ይቁነጠነጣል፣ ዓይኑ ወደ መስኮት ይሄዳል። ከየትኛውም የድርሰት ትምህርት ይልቅ ያ ክፍል ጠቅሟታል ብል አላጋነንኩም።

በ1922 «የልጆች ሹክሹክታ» የተባለች ባለ 24 ገጽ የግጥም መድበል አወጣች። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የወሰኑት ግን መጻሕፍት ሳይሆኑ መጽሔቶች ናቸው። ለመምህራን በሚዘጋጅ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ቋሚ ዓምድ ያዘች። በ1924 በጆርጅ ኒውንስ ማተሚያ ድርጅት አርታኢ የነበረውን ሂዩ ፖሎክን አገባች። በ1926 ደግሞ «ሰኒ ስቶሪስ» የተባለውን የልጆች መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረች። የመጽሔት ጸሐፊ መንፈስ እስኪመጣልኝ ልጠብቅ ማለት አይችልም፤ ማተሚያ ቤቱ ቀን ቆርጦለታል። ብላይተን ከዓመት ዓመት፣ ከሳምንት ሳምንት በዚህ ቀጠሮ ውስጥ ኖረች።

መጽሔቱ ሌላም ነገር ሰጣት። ለልጆች በቀጥታ የምትናገርበት፣ እነሱም መልሰው የሚጽፉላት በር ከፈተላት። በመምህራኑ ጋዜጣ ላይ ቦብስ በተባለው ውሻዋ ስም ለልጆች ደብዳቤ ትጽፍ ነበር፤ ውሻው ከሞተ በኋላም ደብዳቤዎቹ አልተቋረጡም። የሚደርሷትን ብዙ ደብዳቤዎችም በገዛ እጇ ጽሑፍ ትመልስ ነበር። በመምህርና በወላጅ በኩል ሳይሆን በቀጥታ የሚያውቋት አንባቢዎች አፈራች። ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ሐያሲ የሚለው ነገር ግድ እንደማይሰጣት ትናገር እንደነበር ይወሳል። ይህን የምትልበት ድፍረት የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ ልጆቹ ምን እንደሚሉ በየዕለቱ በፖስታ ይደርሳታል።

ወጥ የሆነ የጀብዱ ልብ ወለድ ወደ መጻፍ የተሻገረችውም በዚሁ በር ነው። በ1938 በመጽሐፍ የወጣው «ምስጢራዊቷ ደሴት» አስቀድሞ በ«ሰኒ ስቶሪስ» በተከታታይ ቀርቧል። ልጆቹ በመጽሔት ያነበቡትን ታሪክ በመጽሐፍ መልክ ደግመው ይፈልጉታል፤ አንድ ድርሰት ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ልብ አንጠልጥሎ ማቆም የሚባለው ጥበብም የተማረችው ለሚቀጥለው እትም አንባቢን ማስጠበቅ ስለነበረባት ነው።

አሁን ወደ ጽሕፈት መኪናዋ እንጠጋ። በ1953 ፒተር ማኬላር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደራስያን እንዴት እንደሚያስቡ ለማጥናት ጥያቄ ላከላት። እሷም በተከታታይ ደብዳቤዎች ሰፋ አድርጋ መለሰችለት። እነዚህ ደብዳቤዎች ስለ አሠራሯ ካሉን ማስረጃዎች ሁሉ የተሻሉ ናቸው።

እንዲህ ነው የምትለው። ተንቀሳቃሽ የጽሕፈት መኪናዋን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጣለች። ለጥቂት ደቂቃ ዓይኗን ጨፍና ሐሳቧን ባዶ አድርጋ ትጠብቃለች። ከዚያ ገጸ ባሕርያቱ በአካል የቆሙ ያህል ግልጽ ሆነው ይታዩዋታል፤ የፀጉራቸው ቀለም፣ ልብሳቸው፣ ስማቸው ሳይቀር። ቀጥሎ የሚሆነውን አታውቅም። ታሪኩ በውስጧ ባለ የግል የሲኒማ መጋረጃ ላይ እንደሚታይ ሆኖ ይሄዳል፤ እሷ የምታየውንና የምትሰማውን ትመታለች። አንዳንዴ አንዱ ልጅ ቀልድ ይናገርና እሷው ትስቃለች፤ ይህን እኔ በመቶ ዓመትም አላስበውም ነበር ብላ ትገረማለች። ታሪኩን አስቀድማ በእቅድ ልቀርጽ ካለች ግን ነገሩ እንደማይሆንላት ለማኬላር ነግራዋለች።

በዚህ ሁኔታ በቀን ከ6,000 እስከ 10,000 ቃላት ትጽፍ ነበር። «የጀብዱ ወንዝ» የተባለውን መጽሐፍ ሰኞ ጀምራ ዓርብ እንደጨረሰችው፣ ርዝመቱም 60,000 ቃላት እንደሆነ ለዚሁ ተመራማሪ ጽፋለታለች። ከቁርስ በኋላ ተቀምጣ ለምሳ ብቻ እየተነሣች፣ አጠገቧ ቀይ የሞሮኮ ሻል አድርጋ እስከ አመሻሽ ትሠራለች። ቀዩ ቀለም አእምሮዬን ያነቃቃዋል የሚል እምነት ነበራት።

ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? እሷ ራሷ ያሰበችበት ጥያቄ ነው። በሕይወቷ ያየችውና ያነበበችው ሁሉ፣ ደሴቱም ፍርስራሽ ግንቡም፣ ወደ አእምሮዋ ታችኛ ክፍል ሰጥሞ እንደሚቆይና መልኩን ቀይሮ በታሪክ ውስጥ ብቅ እንደሚል ታስረዳለች። ይህን ቃሏን እንያዘው፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

መጻፍ ብቻውን ግን 700 መጻሕፍት አያስገኝም። የጽሑፉ አሠራርም ፍጥነትን የሚፈቅድ መሆን አለበት። በ1942 የጀመረውን «ዝነኞቹ አምስት» የተባለ ተከታታይ እንውሰድ። ጁሊያን፣ ዲክና አን ወንድማማችና እኅት ናቸው፤ ጆርጅ ደግሞ ጆርጂና ብሎ የሚጠራትን የማትሰማ፣ እንደ ወንድ ልጅ መቆጠር የምትፈልግ የአጎታቸው ልጅ ናት፤ አምስተኛው ቲሚ የተባለው ውሻ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ኃይለኛ ማዕበል ባሕር ውስጥ ሰምጦ የኖረውን የጆርጅ ቅድመ አያቶች መርከብ ገፍቶ ወደ ላይ ያወጣዋል። ልጆቹ በመርከቡ ውስጥ አንድ ሳጥን ያገኛሉ። በሳጥኑ ውስጥ ካርታ አለ፤ ካርታው ጡብ ጡብ የሚያህል ወርቅ ወደተደበቀበት የደሴቲቱ ግንብ ይመራል። አዋቂዎቹ የነገሩን ክብደት ሳይረዱ ደሴቲቱን ለባዕድ ሰው ሊሸጡ ይስማማሉ። ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው መንቀሳቀስ ግድ ይሆንባቸዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው አቀማመጥ በኋላ በሚመጡት ሁሉ ይደጋገማል። ልጆቹ በአዳሪ ትምህርት ቤት የሚማሩ ናቸው፤ ጀብዱው የሚፈጸመው በእረፍት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ እረፍት አንድ መጽሐፍ ነው። አጎት ኩዌንቲን ቁጡ ሳይንቲስት ስለሆነ ልጆቹ ከቤት ርቀው እንዲጫወቱ ምክንያት ይሆናል። ምግቡ በዝርዝር ይነገራል። ልጆቹ እምብዛም አያድጉም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ንግግሩ ብዙ፣ መግለጫው ጥቂት ነው። ተከታታዩ ስድስት ወይም ስምንት መጽሐፍ እንዲሆን ታስቦ በ1963 ሲጠናቀቅ 21 ሆነ። «ምስጢራዊዎቹ ሰባት» 15፣ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ «ማሎሪ ታወርስ» ደግሞ 6 መጻሕፍት አሏቸው።

ሐያስያን ይህን መደጋገም እንደ ድክመት ይቆጥሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ገና ማንበብ የጀመረ ልጅ አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ብዙ ትግል አለበት። የሚያውቃቸው ልጆች፣ የሚያውቀው ውሻ፣ የሚያውቀው አካሄድ ሲጠብቀው ትግሉ ይቀልለታል፤ ጉልበቱን ሁሉ ቀጥሎ ምን ይሆናል በሚለው ላይ ያውለዋል። አሥረኛውን ሲጨርስ ረጅም መጽሐፍ አይፈራም። ንባብን ልማድ የሚያደርግ ነገር ከተገኘ ቀላል አይደለም።

በንግዱም በኩል ዓይኗ የተከፈተ ሴት ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ወረቀት በራሽን ይሰጥ ስለነበር እያንዳንዱ አሳታሚ የሚያወጣው መጽሐፍ በተሰጠው ኮታ የተገደበ ነበር። ከአንድ አሳታሚ ጋር ብቻ የታሰረ ደራሲ በዚያ ኮታ ልክ ይቀራል። ብላይተን ግን ከብዙ አሳታሚዎች ጋር ትሠራ ስለነበር የአንዱ ወረቀት ሲያልቅ የሌላው ይቀጥላል። በሽፋኑ ላይ የሚወጣው የእጅ ፊርማዋም እንደ ንግድ ምልክት ሆኖ አገለገለ፤ ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን እንኳ ከመደርደሪያ ላይ ይለየዋል።

ከሁሉ በላይ የተሸጠው በ1949 የመጣው ኖዲ ነው። ራሱን የሚነቀንቅ፣ ባለ ቃጭል ሰማያዊ ቆብ ያጠለቀ የእንጨት አሻንጉሊት ነው። ሥዕሉን የሠራው ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሃርምሰን ቫን ደር ቤክ ሲሆን እሱ በ1953 ሲሞት ሌሎች ሠዓሊዎች መልኩን ሳይለቁ ቀጠሉበት። ኖዲ ከመጽሐፍ አልፎ መጫወቻ፣ ቲያትርና የቴሌቪዥን ዝግጅት ሆነ። በ1950 ሥራዋን የሚያስተዳድር ኩባንያ ተቋቋመ። በ1953 በራሷ ስም መጽሔት ጀመረች፤ ከመጽሔቱ ጋር የተያያዙት አራት የልጆች ክበባት መጽሔቱ በ1959 ሲዘጋ ግማሽ ሚሊዮን ያህል አባላት ነበሯቸው፤ ለበጎ አድራጎትም 35,000 ፓውንድ አሰባስበዋል።

የአዋቂዎቹ ዓለም ግን በሩን አልከፈተላትም። ቢቢሲ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሥራዎቿን በሬዲዮ አላቀርብም ብሎ ቆየ፤ በኋላ ይፋ የሆኑ የውስጥ ደብዳቤዎች እንደሚያሳዩት ሠራተኞቹ የጽሑፏን ደረጃ ዝቅተኛ አድርገው ያዩት ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቷን ከመደርደሪያ አወረዱ። የቃላት ሀብቷ ድሃ ነው፣ ልጅ እሷን ከለመደ ሌላ አያነብም የሚል ስጋት ነበራቸው። ይህ ስጋት ልጅን ከማወቅ የመጣ አይመስለኝም።

ሌላው ክስ ግን ከዚህ ይለያል፤ ሊመለስ የማይችልም ነው። በ1937 «ትንሹ ጥቁር አሻንጉሊት» የሚል ታሪክ ጽፋለች። ሳምቦ የተባለውን አሻንጉሊት ባለቤቱም ሌሎቹ አሻንጉሊቶችም በጥቁር ፊቱ ምክንያት ይጠሉታል። ከቤት ይጠፋል። አስማተኛ ዝናብ ፊቱን አጥቦ ሮዝ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ በደስታ ይቀበሉታል። ታሪኩ ይኸው ነው። በ1966 ዘ ጋርዲያን በተባለው ጋዜጣ ላይ ብርቱ ትችት ቀረበበት። በ1951ዱ የኖዲ መጽሐፍ ደግሞ የኖዲን መኪና የሚሰርቁትና ልብሱን የሚገፍፉት ጎሊዎግ የተባሉት፣ ጥቁር ሰውን አጣመው የሚያሳዩ አሻንጉሊቶች ናቸው። በ1960 ማክሚላን የተባለው አሳታሚ አንድ ረቂቋን ሳይቀበል ቀረ፤ ገምጋሚው ሌቦቹ ባዕዳን መሆናቸው ብቻ ሌብነታቸውን እንደሚያስረዳ ተደርጎ መቅረቡን ነቅፎ ነበር። መጽሐፉን ሌላ አሳታሚ አወጣው።

ዘመኑ ነው፣ ሌሎችም ይጽፉት ነበር የሚል መከላከያ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እውነትነት ቢኖረውም አይበቃም፤ የ1960ው ረቂቅ የተመለሰው በዚያው ዘመን ሰው ነውና። ለእኔ ይበልጥ የሚያስረዳው ለማኬላር የጻፈችው ነው። ያየችውና የሰማችው ሁሉ ወደ አእምሮዋ ታች ሰጥሞ ሳይጠራ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ከደሴቱና ከግንቡ ጋር በዙሪያዋ የነበረው ንቀትም አብሮ ይሰጥማል፤ አብሮም ይወጣል። በቀን 10,000 ቃላት የምትመታ እጅ ቆማ ይህ ሐሳብ ከየት መጣ ብላ አትጠይቅም። ጥያቄው ከተነሣ ፍሰቱ ይቆማል። ከ700 በላይ መጻሕፍት የተገኙት ያ ጥያቄ ባለመነሣቱ ነው፤ ሳምቦም የተገኘው እንዲሁ ነው። ዋጋውን የከፈለው ግን ያን ታሪክ እጁ ላይ ያገኘ ጥቁር ልጅ ነው።

በቤቷም ውስጥ ዋጋ የከፈሉ ነበሩ። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ታላቋ ጊልያን እናቷን በፍቅር ታስታውሳለች። ታናሿ ኢሞጀን ግን በ1989 ባሳተመችው ማስታወሻ የእናትነት ስሜት የሌላት፣ በራሷ የማትተማመንና ኩሩ ሴት አድርጋ ገልጻታለች። ከፖሎክ ጋር ተፋትታ በ1943 ቀዶ ሐኪሙን ኬኔት ዳረል ዎተርስን ካገባች በኋላ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር እንዳይገናኙ አድርጋለች። በአባቷ መሄድ የተጎዳች ልጅ እናት ስትሆን አባትን ከልጆቿ መለየቷ ይከብደኛል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የማስታወስ ችሎታዋ እየተዳከመ ሄደ። ባሏ በ1967 ሞተ። እሷም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1968 ለንደን ውስጥ በአንድ የሕሙማን መንከባከቢያ አረፈች። መጻሕፍቱ ግን መሸጣቸውን አላቆሙም። ጎሊዎጎቹ በሌሎች ፍጥረታት ተተኩ፤ አንዳንድ ስሞችም ተቀየሩ። በ2010 ሆደር የተባለው አሳታሚ «ዝነኞቹ አምስት»ን በዘመኑ አነጋገር ለማደስ ሞከረ፤ «እናትና አባት» የሚለውን እንኳ ወደ ዛሬው የቤት አጠራር ለወጠ። አንባቢ አልወደደውም፤ በ2016 ወደ ቀድሞው ጽሑፍ እንደሚመለስ አሳታሚው አስታወቀ።

እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ልጅን በቆዳው የሚያዋርድ ገጽ ለልጆች በሚታተም መጽሐፍ ውስጥ እንዲቀጥል የሚያስገድድ ምክንያት የለም፤ ለተመራማሪ የቀድሞው እትም በቤተ መጻሕፍት አለ። የ1940ዎቹን አነጋገርና ልብስ መለወጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልጆች የቆየ ዘመን መሆኑን ይረዳሉ፣ አያስቸግራቸውም። እስካሁን የት ላይ እንደሚታረምና የት ላይ እንደሚተው የሚወስነው የመብቱ ባለቤት ነው፤ ከ2012 ጀምሮ የኖዲ መብት ሲቀር አብዛኛው በአሳታሚው አሼት እጅ ይገኛል። በብሪታንያ ሕግ የደራሲ መብት ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ፣ ከ2039 የመጀመሪያ ቀን አንስቶ እነዚህን መጻሕፍት ማንኛውም አሳታሚ ያለ ፈቃድ ማተም፣ ማረም ወይም እንዳሉ መተው ይችላል።